የቅስት ድልድይ ባክሊንግ በሶፍትዌር ሲሰላ፦ ከሰባት ወር አጠቃቀም በኋላ

አንድ የስትራክቸር ማስሊያ ሶፍትዌር ለሰባት ወር ስጠቀም ቆይቻለሁ። የምገመግመው ግን ሙሉውን ሶፍትዌር አይደለም፤ አንዱን ክፍሉን፣ ባክሊንግ (የተጨመቀ ቀጭን ነገር በድንገት ሲጎብጥ) የሚያሰላውን ብቻ ነው። የተጠቀምኩበትም ለአንድ ነገር ነው፦ ለብረት ቅስት ድልድይ። ስሙን አልጠቅስም። የማነሳቸው ጉድለቶች ሌሎች ፕሮግራሞች ላይም ስለሚያጋጥሙ የአንድ ኩባንያ ጉዳይ ሆኖ እንዲታይ አልፈልግም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሥዕሉም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ መጨረሻ ላይ የሚያወጣት አንዲት ቁጥር ናት፤ ጭነቱ በስንት እጥፍ ቢያድግ ቅስቱ እንደሚጎብጥ የምትገልጸው። ያቺ ቁጥር የምትናገረው ነገር ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ይህን አይነግራችሁም። ከ1 በላይ ከሆነች አረንጓዴ ቀለም ይቀባታል፣ በቃ።

ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰበኝ ልግለጽ። ቅስት ጭነቱን የሚሸከመው በመጨመቅ ነው፤ ውበቱም አቅሙም እዚያ ላይ ነው። የድንጋይ ቅስት ወፍራም ስለሆነ ስለ ባክሊንግ ብዙም አያስጨንቅም። ብረት ግን ጠንካራ ስለሆነ አሳንሰን፣ አቅጥነን እንሠራዋለን፤ ቀጭንና የተጨመቀ ነገር ደግሞ ብረቱ ገና ሳይደክም ቅርጹ ይከዳል። እንዲህም ሆኖ ሰው በጣም ርቆ ሄዷል። የሲድኒ ሃርበር ድልድይ በ1932 ሲከፈት 503 ሜትር ስፓን (ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለ ርቀት) ነበረው፤ ቅስቱም ጥልቅ ትራስ፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን የተያያዙ ዘንጎች ስብስብ ነው። በ2003 የተከፈተው የሻንጋዩ ሉፑ ድልድይ ደግሞ 550 ሜትር ሆኖ ቅስቱ ትራስ ሳይሆን ወጥ የብረት ሳጥን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ እንዲኖር ባክሊንጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ማስሊያውም የሚታመን መሆን አለበት።

ቅስት በሁለት አቅጣጫ ሊከዳ ይችላል። አንደኛው በራሱ ፊት ላይ ነው፦ አንዱ ግማሽ ወደ ታች፣ ሌላው ግማሽ ወደ ላይ ይሄድና እንደ ተኛ ኤስ ፊደል ይሆናል። ሁለተኛው ወደ ጎን ነው፦ ቅስቱ ከድልድዩ መስመር ወጥቶ ወደ ወንዙ ያጋድላል። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ያሳያል። የሚያሳየው ግን እናንተ ሞዴሉን እንዲያያቸው አድርጋችሁ ከሠራችሁት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ስለዚሁ ነው።

አዲስ ፕሮግራም ሳገኝ መጀመሪያ የምሰጠው ፈተና ኦይለር ከ250 ዓመት በላይ በፊት የፈታውን ነው፤ ሁለት ጫፉ ሂንጅ (ከቦታው ሳይለቅ መዞር የሚችል) የሆነ ቀጥ ያለ ምሰሶ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የፓይ ካሬ ሲባዛ በኢአይ (ምሰሶው ለመታጠፍ ባለው ግትርነት) ሲካፈል ለርዝመቱ ካሬ። የፓይ ካሬ 9.87 ነው። ሶፍትዌሩ ግን 12 አለኝ! ከ21 በመቶ በላይ አጋንኖ ማለት ነው፤ ያውም አደገኛ በሆነው በኩል። ስህተት ሠርቶ አይደለም። ምሰሶውን በአንድ ኤለመንት (ሞዴሉ በሚከፋፈልበት ቁራጭ) ብቻ ስለወሰደው ነው፤ አንድ ኤለመንት የጉብጠቱን ትክክለኛ ቅርጽ መያዝ አይችልም። ለሁለት ስከፍለው 9.94 ሆነ፣ ከ1 በመቶ በታች ስህተት። ለአራት ስከፍለው ልዩነቱ ከነጭራሹ የማይታይ ሆነ። ታዲያ ሶፍትዌሩ ያለ ትእዛዝ የሚጠቀመው ስንት ነው? አንድ። ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ አንድ ኤለመንት። ለተራ የጭነት ስሌት ይህ በቂ ነው፤ ለባክሊንግ ግን አይሆንም። ባክሊንግ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ቢያንስ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ ማለት ነበረበት። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ እውነት ነው፤ ግን ማንም በማይከፍተው አባሪ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ባዶ ቅስት ሰጠሁት። 120 ሜትር ስፓን፣ 20 ሜትር ከፍታ፣ ፓራቦላ፣ ሁለት ጫፉ ሂንጅ። ቅስቱ የብረት ሳጥን ነው፦ 1.2 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ ዙሪያውን 30 ሚሊ ሜትር ላሜራ። በየሜትሩ 70 ኪሎ ኒውተን ጫንኩበት። ሶፍትዌሩን ከማስነሳቴ በፊት በእጄ ሰራሁት፤ እናንተም እንደዚህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የቅስቱ ግማሽ ርዝመት 64 ሜትር ገደማ ነው። ለሁለት ሂንጅ ቅስት ይህን በ1.04 ስታባዙት የባክሊንግ ርዝመቱ 66.7 ሜትር ይመጣል። ከዚያ የኦይለርን ቀመር ስትጠቀሙ 13,000 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ታገኛላችሁ። ጭነቱ የስፓኑ ሩብ ላይ የሚፈጥረው ጭምቀት ደግሞ 6,600 ገደማ ነው። ሲካፈል 2 ነው። ሶፍትዌሩም ወደ 2 የተጠጋ ቁጥር ሰጠኝ፤ ሞዱም፣ ማለትም የሚጎብጥበት ቅርጽ፣ ልክ እንደጠበቅኩት የተኛ ኤስ ሆኖ ወጣ። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር በመሀል ላንሳ። ቁጥሩ ሲያንስባቸው "ብረቱን ከኤስ 355 ወደ ጠንካራው ኤስ 460 እንቀይረው" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሞከርኩት። ቁጥሯ ንቅንቅ አላለችም። ትክክል ነው፣ ሁለቱም ብረቶች ሲለጠጡ ያላቸው ግትርነት አንድ ነው፤ የሚለያዩት ዪልድ በሚያደርጉበት፣ ማለትም ተለጥጠው ወደ ቦታቸው በማይመለሱበት ጭነት ነው። ለዚህ ዓይነት ባክሊንግ ውድ ብረት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቅርጹን ለውጡ፣ ጥልቀት ጨምሩ፣ ወይም ከወለሉ ጋር አብሮ እንዲሠራ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ያንኑ 70 ኪሎ ኒውተን ከቅስቱ ግማሽ ላይ አነሳሁትና በአንዱ ግማሽ ላይ ብቻ ተውኩት። ሆን ብዬ የተጋነነ ሙከራ ነው። ቅስት ደግሞ በጣም የሚጠላው እንዲህ ያለውን ነው፣ አንድ ጎን ተጭኖ ሌላው ባዶ ሲሆን። ሶፍትዌሩ ምን አለኝ? ቁጥሯ ከ2 ወደ 4 ገደማ ወጣች። አረንጓዴዋ ይበልጥ ደመቀች! ሪፖርቱን ብቻ የሚያነብ ሰው "ግማሽ ጭነት የተሻለ ነው" ብሎ ያልፋል። እስቲ በእጅ እንየው። የግማሽ ስፓን ጭነት ሩቡ ላይ የሚፈጥረው ሞመንት (የማጠፍ ጉልበት) ጭነቱ ሲባዛ በስፓኑ ካሬ ሲካፈል ለ64 ነው፤ 15,750 ኪሎ ኒውተን ሜትር። በዚህ ሳጥን ላይ 338 ሜጋፓስካል ውጥረት ያመጣል። ጭምቀቱ ሌላ 26 ይጨምራል። ድምሩ 364 ሆነ፤ ኤስ 355 ብረት ዪልድ አድርጎ አልፏል፣ ያውም ቅስቱ ሲጎብጥ የሚመጣውን ተጨማሪ ሞመንት ገና ሳንቆጥር። በሌላ አነጋገር አረንጓዴ 4 የተጻፈበት ድልድይ ወድቋል።

ሶፍትዌሩ ዋሽቶ አይደለም። የጠየቅኩትን ነው የመለሰው። ያቺን ቁጥር የሚያወጣው፣ አይገንቫልዩ የሚባለው ስሌት የሚያየው ጭምቀቱን ብቻ ነው፤ ግማሹ ጭነት ሲነሳ ጭምቀቱም በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቁጥሯ ትወጣለች። ሞመንቱን ግን ጨርሶ አያየውም። ብረቱም መቼም ዪልድ እንደማያደርግ፣ ቅስቱም ሲሠራ ቅንጣት ታህል እንዳልተዛባ አድርጎ ነው የሚያስበው። እንግዲህ ከዚህች ቁጥር የሚገኘው ቁምነገር ሌላ ነው፦ ቅስቱ ለሁለተኛ ደረጃ ውጤት (ቅርጹ ሲለወጥ ለሚመጣ ተጨማሪ ሞመንት) ምን ያህል ስስ እንደሆነ ትነግራችኋለች። ዩሮኮድ 3፣ የአውሮፓ የብረት ስትራክቸር ኮድ፣ ለኢላስቲክ ስሌት ገደቡን 10 ላይ ያደረገው ለዚህ ነው። ከ10 በታች ከሆነች በቅርጹ መለወጥ የሚመጣውን ጭማሪ ማስላት ግዴታ ነው። የኔ ቅስት 2 ነው! ቀለሙ 1 ላይ ሳይሆን 10 ላይ መቀየር ነበረበት። ከዚህ ሶፍትዌር ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይር ብትሉኝ ይህንን ነው የምቀይረው።

ደግነቱ መሣሪያው ውስጡ አለ። የመጀመሪያውን ሞድ ቅርጽ ወስዶ፣ በምትሰጡት መጠን አዛብቶ፣ ቅስቱን ከመጀመሪያው እንደተጣመመ አድርጎ ሁለተኛ ደረጃ ስሌት መሥራት ይችላል። በጣም ወድጄዋለሁ። ግን ወጥመድ አለው፣ እኔም ለሁለት ቀን ይዞኝ ነበር።

ጭነቱን ወደ እውነታው አቅርቤ በየሜትሩ 50 ኪሎ ኒውተን የራሱና የወለሉ ክብደት በሙሉ ስፓኑ ላይ፣ 20 ተሽከርካሪ በግማሹ ላይ አደረግኩ። በተራ ስሌት ሩቡ ላይ 141 ሜጋፓስካል ነው የሚመጣው፣ ምንም አያሰጋም። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር መዛባት ሰጥቼ በሁለተኛ ደረጃ አስላሁት፤ 171 ሆነ። ጥሩ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ሥዕሉን አየሁ። ተሽከርካሪ ያለበት ግማሽ ወደ ላይ ተዛብቶ ነው የተሠራው። የሞድ ቅርጽ አቅጣጫ የለውም፤ ግራው ወደ ታች ቀኙ ወደ ላይ ቢሆንም ሆነ ተገላቢጦሽ ለሂሳቡ አንድ ነው፣ ሶፍትዌሩም ካገኘው አንዱን ያነሳል። ያነሳው ደግሞ ጭነቱን የሚያግዘውን አቅጣጫ ነበር። መጠኑን በመቀነስ ምልክት ሰጥቼ ስገለብጠው 257 መጣ። ከ141 ወደ 257! ያው ቅስት፣ ያው ጭነት። በእጅ ማጉያውን አስልቼ አረጋገጥኩት፣ ልክ ነው። ስለዚህ ይህን ስትጠቀሙ ሁልጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ አሂዱት። 20 ሳንቲ ሜትሩን እኔ ለሙከራ ነው የመረጥኩት፤ ለእውነተኛ ዲዛይን መጠኑ ከኮዱ መምጣት አለበት እንጂ በግምት አይደለም። ሶፍትዌሩ ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ ምን መጻፍ እንዳለበት አንድ መስመር እንኳ የለውም።

ወደ ጎን ስለሚሆነው ባክሊንግ ደግሞ ላውራ፤ እዚህ ጋ የማኑዋሉ ምሳሌ ራሱ አስቀይሞኛል። ምሳሌው ላይ ወለሉንና ማንጠልጠያዎቹን አጥፍተው፣ በቦታቸው ቅስቱ ላይ ቁልቁል የሚያመለክቱ ቀስቶች አድርገዋል። ለማቅለል መሆኑ ይገባኛል። ግን አስቡት። ቅስቱ ወደ ጎን ሲያጋድል የማንጠልጠያው የታች ጫፍ ወለሉ ላይ እንደተያዘ ነው፤ ስለዚህ ማንጠልጠያው ያዘነብላል፣ ሲያዘነብል ደግሞ ቅስቱን ወደ ቦታው ይጎትተዋል። ነፃ እርዳታ ነው። ቀስቱ ግን አያዘነብልም፣ ሁልጊዜ ቁልቁል ነው። በዚህ ጊዜ የምታጡት እርዳታ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ወደ ደህናው በኩል ነው። ድልድዩ ወለሉ ከቅስቱ በላይ የሆነ ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምሰሶዎቹ ከቅስቱ ተነስተው ወለሉን ይሸከማሉ፤ ቅስቱ ሲያጋድል የምሰሶው አናት ወለሉ ጋ ተይዞ ስለሚቀር ምሰሶው ያዘነብልና ቅስቱን ይበልጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያንን በቀስት ከተካችሁት ሶፍትዌሩ የሚገፋውን ኃይል አያውቀውም፣ ቁጥሯም ከእውነቱ በላይ ትሆናለች። ማኑዋሉ ስለዚህ ልዩነት አንዲት ቃል የለውም።

ይህ የጭነት አቅጣጫ ነገር ቀላል የሚመስለው ካለ በቀለበት ይሞክረው። ሙሉ ክብ ቀለበት በዙሪያው እኩል ግፊት ሲደረግበት፣ ግፊቱ እንደ ውሃ ቅርጹን ተከትሎ የሚዞር ከሆነ መልሱ 3 ሲባዛ በኢአይ ሲካፈል ለራዲየሱ ኩብ ነው። አቅጣጫው ሳይለወጥ የሚቆይ ከሆነ ግን 3 የነበረው 4 ይሆናል። ሶፍትዌሩ 4 አካባቢ ሰጠኝ፤ የጫንኩትን ግፊት አቅጣጫውን አስሮ እንደያዘው በዚህ አወቅኩ። ስለዚህ እኔ ወለሉንም፣ ማንጠልጠያውንም፣ ምሰሶውንም ሁልጊዜ ሞዴሉ ውስጥ አስገባለሁ። ሥራው ይበዛል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሙሉውን ሞዴል ስትሠሩ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። የመጀመሪያው ሞድ የቅስቱ አይሆንም። የአንድ ቀጭን ብሬሲንግ ዘንግ መጎበጥ ይሆናል፣ ሁለተኛውም ሌላ ዘንግ፣ ሦስተኛውም። ሶፍትዌሩ ያለ ትእዛዝ 5 ሞድ ብቻ ስለሚያወጣ የቅስቱን ሞድ ጨርሶ ላታዩት ትችላላችሁ። እኔ 40 አስወጥቼ 23ኛው ላይ ነው ያገኘሁት። እዚህ ላይ የሶፍትዌሩ ሥዕል ሊመሰገን ይገባል፤ እያንዳንዱን ሞድ በእንቅስቃሴ ያሳያል፣ በየትኛው አካል ላይ ጉልበቱ እንደተጠራቀመም በቀለም ይለያል፣ ስለዚህ 40 ሞድ ለማየት የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት ነው። ግን የዘንጎቹን ሞዶች ትርፍ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው። ቅስቶቹን ወደ ጎን የሚይዟቸው እነሱ ናቸው። በ1907 በግንባታ ላይ ሳለ የወደቀው የኩቤክ ድልድይ ቅስት አልነበረም፣ ካንቲሊቨር (ከምሰሶዎቹ ወደ መሀል በአየር ላይ የሚዘረጋ) ነበር፤ የጀመረው ግን ከተጨመቀ የታችኛው አካል ነው። የአካሉን ክፍሎች አንድ ላይ የሚያስሩት ቀጫጭን ማያያዣዎች ደካሞች ነበሩ። 75 ሠራተኞች ሞቱ።

በነገራችን ላይ ሁለቱን ቅስቶች ወደ ውስጥ አዘንብዬ አናታቸው ላይ አቀራርቤ ሞክሬ ነበር፣ በ1963 እንደተከፈተው የጀርመኑ ፌመርንዙንድ ድልድይ። የጎን ሞዱ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቁጥሯም በደንብ ወጣች። ጂኦሜትሪውን ለመቀየር ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ሐሳብ ለመፈተሽ እንዲህ ፈጣን መሆኑ የሶፍትዌሩ ትልቁ ጥቅም ነው።

የማያየውንም ልናገር። ቅስቱን በመስመር ኤለመንት ስለምንሠራው የሳጥኑ ላሜራ ራሱ ሲጨማደድ አያውቅም። ላሜራውን 30 ከነበረው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ብታቀጥኑት፣ የሳጥኑ ኢአይ ቀንሶ ቁጥሯ በዚያው መጠን ትወርዳለች እንጂ ላሜራው ቀድሞ እንደሚጨማደድ አትነግራችሁም። ከ1969 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ቪየና፣ ሚልፎርድ ሄቨን፣ ሜልቦርን እና ኮብሌንዝ ላይ የብረት ሳጥን ድልድዮች በግንባታ ላይ ሳሉ ተከታትለው የተጎዱትና የወደቁት የተጨመቀ ላሜራ በወጉ ስላልተያዘ ነው። የላሜራ ስሌት ሌላ የሚገዛ ክፍል ነው፤ እኔ አልገዛሁትም፣ በእጅ እሠራዋለሁ።

ግንባታ ላይ ያለውን ደረጃ በደረጃ ማስላት ይችላል፣ ግን ባክሊንጉ ከደረጃዎቹ ጋር በራሱ አይያያዝም። ቅስቱ ከሁለት በኩል መጥቶ ገና ሳይገናኝ፣ ብሬሲንጉ ግማሹ ሳይገባ ያለው ጊዜ ከተጠናቀቀው ድልድይ ይልቅ ሊያስፈራ ይችላል። እያንዳንዱን ደረጃ ለብቻው ፋይል አድርጌ ነው ያስላሁት። አሰልቺ ነው።

ማን ይግዛው? በእጁ አስልቶ መልሱን መጠርጠር የሚችል ሰው ካላችሁ ግዙት፣ ጊዜያችሁን ይቆጥባል። ቡድናችሁ ውስጥ ሁሉም ጀማሪ ከሆነ ግን በዚህ ክፍል ብቻ ቅስት ድልድይ አትሥሩ፣ መጀመሪያ ሞመንትና ጭምቀቱን በወረቀት የሚያስረዳቸው ሰው ፈልጉ።

ስለ ቀለሙ ጉዳይ ለድጋፍ ክፍላቸው ጽፌ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሱልኝ፤ በትህትና ነው የጻፉት፣ ግን ገደቡን ተጠቃሚ መቀየር እንደማይችል ነው የነገሩኝ። ስለዚህ አሁን ሪፖርቴ ላይ ያቺን አረንጓዴ ሰንጠረዥ አላስገባም። የሞዱን ሥዕል አስገባለሁ፣ ከጎኑ የግማሽ ስፓን ጭነቱን ሞመንት፣ ከሥሩ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የተዛባውን ቅስት ውጤት።